አምስት ጆንያ

ሚያዝያ 12፣ 2014፣ ረቡዕ

ዳግማዊ ገንዘቤን ሰረቀኝ። የልጄ የሶሲ ባል። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ጠዋት ዘነበ። ማሳ ሄድኩ፣ የውሃ መውረጃውን ከፈትኩ፣ ተመለስኩ። ቦቲዬን እያጠብኩ ሳለ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ። ያኔ ነው የጠረጠርኩት…

በጥር የሸጥኩት የትራክተሬ ገንዘብ ባንክ ውስጥ የለም። አውጥቶ ክሪፕቶ የሚሉትን ገዝቶበታል። ሁለት ወር ሆኖታል። የስልክ ባንኩን የምስጢር ቁጥር የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ዓይኔ ትንንሹን ፊደል አያይም። እንዲያይልኝ እንጂ እንዲወስድ አልነበረም።

"ብሩ በየቀኑ እየወደቀ ነው አባባ። ዶላር ላድርግልዎ ብዬ ነው።"

"ጠየቅከኝ?"

"እምቢ ይሉኛል ብዬ…"

"እንግዲያ እምቢታዬን አውቀህ ነው የወሰድከው።"

ሳይቀመጥ እንደመጣ ሄደ።

ከሰዓት ዲንቄ ሻይ ቤት ገባሁ። ሰው ሞልቶ ነበር። አማቼ ሌባ ነው አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ዲንቄ ብርጭቆ እንደያዘች ቆመች።

"ኦቦ ገብረወልድ፣ ይሄ በቤት የሚያልቅ ነገር አይደለም እንዴ?"

አይደለም። የዳግማዊ የሞባይል ጥገና ሱቅ እዚሁ መንገድ ማዶ ነው። ይስማ።

ሚያዝያ 13

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። የድሮውን ትራክተር የሸጥኩት ሞተሩ ስላለቀ ነው። ወዳጄ ሀጂ ሙህዲን ጊኒር ላይ ያገለገለ ግን ደህና ትራክተር አግኝቶልኛል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ለማንም አልሸጥም ብሏል። የክረምቱን እርሻ በሱ ላርስ ነው። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። መሬቴን በራሴ ትራክተር ካላረስኩ ምን ልሠራ ነው? ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥቶ በር ላይ መቀመጥ? ጎረቤቴ እንዲያ አደረገ። ተቀመጠ። በዓመቱ ቀበርነው።

ዳግማዊን አስጠራሁት። አስረዳኝ አልኩት። ማንበብ የተማርኩት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ሞተር መፍታትም ያስተማረኝ የለም። ይሄ ምንድን ነው የሚያቅተኝ?

ሁሉንም አንድ ኮይን ላይ አድርጎታል። ዋጋው ሁልጊዜ አንድ ዶላር ነው ይላል። በዓመት ከመቶ ሃያ ይወልዳል ይላል።

"ሁሉንም በአንድ ዘር?"

"የምን ዘር አባባ?"

የሮቤ ልጅ ሆኖ የምን ዘር ይለኛል! በ2003 ቢጫ ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ ሲመጣ ቁብሳ ስንዴ ብቻ የዘራ ሰው ገለባ ታቅፎ ቀረ። እኔ ሦስት ዓይነት ዘርቼ ነበር። አንዱ ሞተ፣ ሁለቱ ቆሙ። ልጆቼ በዚያ ዓመት አልተራቡም። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዘር ማሳ ሸፍኜ አላውቅም።

"ካልወደዱት እናውጣው" አለ። "ትንሽ ኮሚሽን ይቆርጡብናል እንጂ አዲስ አበባ ገዢ አለ። ነገ ባንክ ይገባል።"

እምቢ አልኩ። ለምን ይቆረጥብኛል? የትራክተሩ ዋጋም ከጥር ወዲህ ጨምሯል፤ ያለው አይሞላም። እስከ ሰኔ ይቆይና ይውለድ። ግን በአምስት ዓይነት ይከፈል።

"አባባ፣ ይሄ እንደ ስንዴ…"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ

ሶሲና ባሏ መጡ። ጀርባዬን ሰጥቼው በላሁ። ሶሲ ሳህን ለማንሳት ብላ ወጥታ ቆየች። ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ያየሁ አልመሰልኩም።

ሚያዝያ 19

ተከፈለ። አጠገቡ ተቀምጬ እያንዳንዷን ሲነካ አየሁ።

አንዱ ቢትኮይን። ትልቁና የቆየው። ቀጥሎ ኢቴሪየም። ከዚያ ያው አንድ ዶላር ነኝ ባዩ፤ ለወለዱ ሲባል ጥቂት ተውንበት። አራተኛው ወጣቶች የሚጫወቱበት ነው፣ ትንሽና ርካሽ። የመጨረሻው ሌላ ዶላር ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ለሌላ እያበደረ ወለድ የሚከፍል ቤት አለ፣ እዚያ ገባ። ደብተሬ ላይ ለየብቻ ገጽ ሰጠኋቸው።

ሠሪያቸው ሌላ፣ ሥራቸው ሌላ፣ አገራቸው ሌላ። ይሄኛው ቢወድቅ ያኛውን ምን ይነካዋል? ዳግማዊ አንገቱን ነቀነቀ። ተስማምቶ ይሁን ሰልችቶት…

በሰላም ተኛሁ። ብዙ ቀን እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 24

ለኢድ ጊኒር ሄድኩ። የሀጂ ልጅ ሳቢሪን በር ላይ ተቀበለችኝ። ከመብላቴ በፊት ትራክተሩን አሳዪኝ አልኳት። ሳቀች።

ጓሮ ቆሟል። ቀይ ነው። ጎማው ገና አዲስ ነው። ወጥቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሀጂ በሽርጥ እንደሆነ መጣ።

"ሽማግሌው! ውረድ፣ በኢድ ቀን ሰው ያየናል።"

"ክላቹ ይከብዳል" አልኩት።

"ክላቹስ ደህና ነው፤ ጉልበትህ ነው የቀለለው።"

አርባ ዓመት ያውቀኛል፤ እሱ ብቻ እንዲህ ይለኛል። ሞተሩን አስነሳሁት። በመጀመሪያው ተነሳ። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፣ አይቆራረጥም። ገንዘቡ ገና እንዳልሞላ ስነግረው ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

"ሂንያዳኢን፣ አትጨነቅ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ቃሌ ነው። ኢንሻ አላህ አንተው ትወስደዋለህ።"

ሚያዝያ 28

ከሁለቱ ዶላሮች በቀር ሁሉም ትንሽ ወረድ አሉ። ትንሽ ነው። ዳግማዊ ፊቱ ልክ አይደለም። የዘራሁት ሁሉ በሳምንቱ ሲበቅል አይቼ አላውቅም አልኩት።

ግንቦት 2፣ ማክሰኞ

አንድ ዶላር ነኝ ባዩ አንድ ዶላር አይደለም። ሌሊቱን ስድሳ ምናምን ሳንቲም ገብቶ አደረ። ዳግማዊ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ።

"ካዝና ውስጥ ዶላር የለውም አባባ። እህት ኮይን ነው ያለችው። ሰው ዶላሩን ሲመልስ እሷን እያተሙ ይሰጡታል። አሁን ሁሉም እየመለሰ ነው፤ እሷም እየታተመች እየረከሰች ነው።"

"ይሄን በሚያዝያ ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

ቢያንስ አልዋሸም።

"አምስቱንም እናውጣ። ዛሬውኑ።"

"አምስቱን ለምን? የታመመው አንዱ ነው።"

"አባባ፣ እባክዎ…"

"በ2003ም ጎረቤቶቼ ሁሉ እንዲህ ይሯሯጡ ነበር። ሂድ፣ ሱቅህን ክፈት።"

ሄደ። ትከሻው ወርዶ ነበር። አንዱን ዘር ለዋግ ሰጠሁ፤ አራቱ ይቆማሉ።

ግንቦት 3

ከአራቱ ሦስቱ ወረዱ።

ለምን? ያን ዶላር የሚጠብቁት ሰዎች ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ቢትኮይን ነበር። ዶላሩን ለማዳን እሱን ሸጡት ይላል ዳግማዊ። ቢትኮይን ሲወርድ ኢቴሪየም ተከተለ። የጨዋታው ኮይን በግማሽ ቀረ። ትልቁ አንድ ደረጃ ሲወርድ ትንሹ ሦስት ይወርዳል። ማን አዘዛቸው? ዋግ እንኳን ከማሳ ማሳ ለመሄድ ነፋስ ይፈልጋል፣ እርጥበት ይፈልጋል፣ ቀን ይፈልጋል። ይሄ ምን ፈለገ?

ግንቦት 4

ሮቤ ኔትወርክ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ። ዳግማዊ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ግቢውን ዞረ። እኔም ከኋላው ዞርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሚኒባስ ይዘን ጎባ ሄድን። ጎባ ብርድ ነው፣ ጉም ወርዷል። ዋይፋይ አለው የተባለ ሆቴል ገብተን ሻይ አዘዝን። ስልኩ ላይ ትንሽ ክብ አለች፤ ትዞራለች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ክቧ ትዞራለች። አንድ ሰዓት… ሁለት ሰዓት። ሞተር ቢሆን እፈታው ነበር። ቧንቧ ቢሆን እነፋው ነበር። ክብ ምን ይደረጋል?

ሲከፈት ሁሉም ቀይ ነበር። እውነተኛ ገንዘብ አለው የተባለው ሌላ ዶላር እንኳን አምስት ሳንቲም ያህል ጎደለው። ዳግማዊ ቀና ብሎ አየኝ። አሁን እምቢ ማለት ደከመኝ።

"ሽጥ" አልኩት።

ነካ። ጠበቀ። ደግሞ ነካ።

"አይቀበልም አባባ። የአዲስ አበባው ገዢም ስልክ አያነሳም።"

"እንግዲህ ለማን ነው የምንሸጠው?"

"ዛሬ ሁሉም ሻጭ ነው።"

በሚኒባስ ተመለስን። ወደ ሮቤ ስንቃረብ ጉሙ ተከፈተ። ስንዴው ጉልበት ድረስ ደርሷል።

ግንቦት 5

አንድ ዶላር ነኝ ባዩ ከሃያ ሳንቲም በታች። ዝናብ።

ግንቦት 10

ዳግማዊን ጠራሁት። ለመቆጣት አይደለም። ለመጠየቅ።

"አምስቱን የያዘው ሰው አንድ ነው?" አልኩት።

አሰበ። "አንድ ሰው አይደለም። ግን… አዎ፣ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ትልልቆቹ ሁሉንም ይይዛሉ። ቢትኮይን አስይዘው ይበደራሉ፣ በብድሩ ሌላውን ይገዛሉ። ያስያዙት ሲረክስ ማሽኑ ሳይጠይቅ ይሸጥባቸዋል። ያን ለመሙላት ሌላ ይሸጣሉ።"

"የታመመውን ይሽጡ እንጂ ደህናውን ለምን?"

"የታመመውን ማን ይገዛቸዋል አባባ? የሚሸጠው ደህናው ነው።"

ደብተሬን አውጥቼ አምስቱን ገጽ ገለጥኩ።

በ2003 አንዱ ስንዴ ሲሞት ሌላው የቆመው በደሙ ሌላ ስለነበረ ነው። ዋጉ ሊገባበት አልቻለም። ይሄ አምስት ዘር አልነበረም። አምስት ጆንያ ነበር። በየጆንያው ላይ የተጻፈው ሌላ ሌላ፣ ውስጡ አንድ። ማንበብ ከጆንያ ላይ የተማርኩ ሰው… ጆንያውን አነበብኩ።

ግንቦት 22

ዳግማዊ ዛሬም መጣ። ቢትኮይኑንና ኢቴሪየሙን እንሽጥ፣ ወለድ ከፋዩ ቤት ያለውንም እናውጣ አለ። ሶሲ አብራው ነበረች።

አልኩት፦ የወለዱ ቤት ዶላር ወዲያው ተመልሷል፣ ሙሉ ነው። ሌሎቹንም በዚህ ዋጋ አልሸጥም። ሰኔ ሊያልቅ ገና ነው፤ ይነሳሉ።

"ካልተነሱስ አባዬ?" አለች ሶሲ።

"ይነሳሉ።"

ምን አውቄ ነው ያልኩት? ትራክተሩ ቀይ ነው። ድምፁ አይቆራረጥም። ያን ብቻ ነው የማውቀው።

ሰኔ 6

የወለዱ ቤት ገንዘብ ማውጣት ከለከለ። ለጊዜው ይላል። ስልኩ ላይ ቁጥሩ አለ፣ አንድም አልጎደለም። በሩ ግን ተዘግቷል። ለካ ያበደረው ለእነዚያው ሰዎች ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተራ ጠብቄ ገባሁ። ወጣት ነው መርማሪው፣ ወንበር ሰጠኝ።

"ገንዘቡን የወሰደው ቤት የት ነው አባት?"

"ስልክ ውስጥ።"

"ባለቤቱስ?"

"አላውቅም።"

"ፈቃድ የሌለው ነገር ነው እኮ ይሄ። ተከሳሽ ብዬ ማንን ልጻፍ?"

ዳግማዊ ልል አፌን ከፈትኩ። ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። ዘጋሁት። ተነስቼ ወጣሁ።

ለምን ዘጋሁት? በሚያዝያ በሙሉ አፌ ያልኩትን…

ሰኔ 11

ቢትኮይን በሚያዝያ ከገዛንበት ከግማሽ በታች። ኢቴሪየም ሲሶ። ሸጥን። የተገኘው የትራክተሩን ሁለት ጎማ ይገዛል። የፊቱን።

ሰኔ 14

ዲንቄ ሻይ ቤት። ከገባሁ ቆይቼ ነበር።

"ኦቦ፣ ስንዴው በስልክ ስንት ገባ ዛሬ?" አለ አንዱ ባጃጅ ነጂ። ሳቁ። ሻይ አዘዝኩ።

ዲንቄ ሻዩን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። "የልጄ ስልክ መስታወቱ ተሰበረ። ዳግማዊ ጋ ልልከው አልኩና ፈራሁ። ሌባ ነው ብለው የለ?"

"የኔን ገንዘብ ነው የወሰደው። ስልክ መች ሰረቀ?"

"ሌባ በዓይነት በዓይነት ይለያል እንዴ ኦቦ?"

የባሰ ሳቁ። እኔ ግን የሱቁን በር አየሁ። ማዶ ነው። ዳግማዊ ብቻውን ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ስልክ የለም። ገብቶ የሚወጣ ሰው የለም። ሰው ስልኩን ሲሰጥ ባንኩን፣ ፎቶውን፣ ሚስጥሩን ነው የሚሰጠው። ለሌባ ማን ይሰጣል?

ሶሲ ቤት ሄድኩ። ሱቁ ከሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ነው አለችኝ። ኪራዩን ከደመወዟ ነው የምትከፍለው። ጎባ ያሉ ዘመዶቹ ሳይቀሩ ሰምተዋል።

"ሳይጠይቅዎ ወስዷል። አጥፍቷል። እኔም ነግሬዋለሁ" አለች። "ግን ሦስት ጊዜ እናውጣው አለዎት። ሦስት ጊዜ። እምቢ ያለው ማነው አባዬ?"

እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ድምፅዋ አልተነሳም እንኳን።

ቤት መጥቼ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሚያዝያ 13። ግንቦት 2። ግንቦት 22። ሦስቱም አሉ። በገዛ እጄ ጽፌአቸዋለሁ።

ሰኔ 19

ምንም።

ሰኔ 30

ሀጂ ደወለ። ቀኑን አልረሳም።

"አካም ጂርታ?"

"ደህና ነኝ።"

"አልሞላም አይደል?"

"አልሞላም።"

"እስከ ጥቅምት ልጠብቅህ። ትራክተሩ አይበላ፣ አይጠጣ። ጓሮዬ ይቁም።"

"ቃልህ እስከ ሰኔ ሠላሳ ነበር። ዛሬ ነው።"

"ወላሂ፣ አንተ የተፈጠርክበት አፈር ድንጋይ ነበረበት። ከብድሬ ከተማ አንድ ገዢ ገንዘቡን ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቷል።"

"ስጠው።"

  መስመሩ ላይ የሳቢሪን ድምፅ ይሰማል፣ ዶሮ እያባረረች።

"ክላቹ ይከብዳል፤ ሰውየው እንዳይገርመው ንገረው" አልኩና ዘጋሁ።

ሐምሌ 8

መሬቱን ለጫሊ የእኩል ሰጠሁ። ሥራ የሚያውቅ ገበሬ ነው። የኪራይ ትራክተር ይዞ መጣ። ድምፁ ይቆራረጣል። ናፍጣ ማጣሪያው ነው፤ ከሩቅ ያስታውቃል። አልነገርኩትም።

"ወንበር ላምጣልዎ ኦቦ?"

"አልቀመጥም።"

እስኪጨርስ ቆምኩ። ሦስት ዓይነት ነው የምትዘራው አልኩት።

"ዘሩ በኔ ነው አይደል ኦቦ? አንድ ዓይነት ነው ያገኘሁት።"

ልክ ነው። መሬቱ የኔ፣ ዘሩ የሱ። 

ሐምሌ 14

ገበያ ነበር። ሰው የሚበዛበትን ሰዓት ጠብቄ ዳግማዊ ሱቅ ሄድኩ። በረንዳው ላይ የእንጨት ዱካ አለ፣ ከመንገዱ ይታያል። እዚያ ተቀመጥኩ። ስልኬን ሰጠሁት።

"ምን ሆነ አባባ?"

"እየው።"

ምንም አልሆነም ስልኩ። አገላብጦ አየው፣ ወዲያው አወቀ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መፍቻውን አነሳ። ፈታው። በትንሽ ብሩሽ ጠረገው። ቀስ ብሎ ገጠመው። እኔ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ ሰጠሁ። ባጃጅ ነጂውም አለፈ። ለሱም ሰጠሁ። እኔ ቀድሜ።

ዲንቄ የልጇን ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ መጣች። ደረጃው ላይ ቆመች።

"ኦቦ፣ እርስዎም እዚህ ነው የሚያሠሩት?"

"ሌላ የት አለ?"

ገና አልገባችም። ያኔ ለዳግማዊ ጮክ ብዬ አልኩት፦

"ባንክ ምን እንደቀረኝ እይልኝ። ዓይኔ ትንንሹን አያይም። ቁጥሩን ታውቀዋለህ።"

 ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ በሦስተኛው ገባ። የቀረውን ነገረኝ። ትንሽ ነው። ስልኩን መልሶ ሰጠኝ። ዲንቄ ነጠላዋን ፈታች፣ የልጇን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ስንት ነው የኔ?" አልኩት ሰው እየሰማ።

ተወው ሊል ነበር። አየሁት። ዋጋውን ነገረኝ። ከፈልኩ።

ሶሲ ሰምታ ኖሮ ቤት ድረስ መጣች። "አባዬ፣ ስለዚያ ነገር…" አለች።

"የምን ነገር?" አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት ስም እንዳለ ይቀመጣል። የጻፍኩትን ሰርዤ አላውቅም፣ አሁንም አልሰርዝም። ግን ከዛሬ ወዲያ አላነሳውም። ለሶሲም፣ ለሀጂም፣ እዚህ ደብተር ላይም። የሚጠይቀኝ ካለ አልሰማሁም እላለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ግን አልሰማሁም እላለሁ።